ሺአንን በሦስት ቀን ማየት፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄዱ መንገደኞች

ብዙ ጎብኚ ወደ ቻይናዋ ከተማ ሺአን የሚገባው በጠዋት ባቡር ነው። በቀጥታ ወደ ሸክላ ወታደሮቹ፣ በጥንታዊ ንጉሠ ነገሥት መቃብር አጠገብ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብረው ወደተገኙት ምስሎች ይሄዳል፣ በሰው መካከል እየተጋፋ ፎቶ ያነሳል፣ ማታ ወደ ቤይጂንግ ይመለሳል። ወታደሮቹን አይቷል፤ ከተማዋን ግን አላያትም። የዛሬዋ ሺአን የጥንቷ ቻንግአን ናት። የዚያ ስም ትርጉም “ዘላቂ ሰላም” ነው። ጆውን፣ ቺንን፣ ሃንንና ታንግን ጨምሮ የ13 ሥርወ መንግሥታት መናገሻ እንደነበረች ይቆጠራል።

እኔ የምመክረው ሦስት ሙሉ ቀን ነው፤ ወታደሮቹም በሁለተኛው ቀን ይሁኑ። በመጀመሪያው ቀን የከተማዋን ግንብና በድንጋይ ላይ የተቀረጹትን መጻሕፍት ያየ ሰው፣ በማግስቱ የወታደሮቹ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲቆም ይህ ሕዝብ አንድን ነገር ለትውልድ ለማቆየት ምን ያህል እንደሚደክም አስቀድሞ ገብቶታል። የሚያየውም የሸክላ ክምር አይሆንበትም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ወቅቱን ምረጡ

ሚያዝያና ጥቅምት ለሺአን የተመቹ ወራት ናቸው። ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ያዝላል፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከአየሩ ይልቅ የሚያስፈራው ግን የሕዝቡ የዕረፍት ቀን ነው። የቻይና ብሔራዊ በዓል የሚጀምረው በኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 21 አካባቢ ሲሆን ዕረፍቱ አንድ ሳምንት ይቆያል። ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል በኋላ ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። የሠራተኞች ቀን ሚያዝያ 23 ነው። የቻይናውያን አዲስ ዓመት ቀኑ በየዓመቱ ቢለዋወጥም፣ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በእነዚህ ቀናት የባቡር ትኬት ይጠፋል፤ የወታደሮቹ ሙዚየምም በሰው ይጨናነቃል። ትኬት አስቀድማችሁ ካልገዛችሁ በስተቀር አትሂዱ።

2. ቪዛና ወረቀት

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። ለጉብኝት የሚሰጠው ኤል የሚባለው ዓይነት ነው። ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት፣ የደርሶ መልስ በረራና የሆቴል ማስያዣ፣ በቅርቡ የተነሳ ፎቶግራፍ አዘጋጁና የተሟላውን ዝርዝር ከኤምባሲው ጠይቁ። ቢጫ ካርዳችሁንም ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ። ቻይና ለብዙ የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት ያለ ቪዛ የ30 ቀን ቆይታ ስትፈቅድ ቆይታለች። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ደግሞ ወደ ሦስተኛ አገር የሚያልፍ ከሆነ እስከ 240 ሰዓት የሚቆይበት አሠራር አለ። እነዚህ ደንቦች ስለሚለዋወጡ፣ በውጭ የምትኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በምትኖሩበት አገር ያለውን የቻይና ኤምባሲ ጠይቁ።

የእኛን ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የስም ጉዳይ ነው። የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለን ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም በዚያ ቦታ ይገባል፤ ቅጽ ስንሞላ ደግሞ አንዱ ጋ የአባት፣ ሌላው ጋ የአያት ስም እንጽፋለን። ይህ በቻይና አያዋጣም። የባቡር፣ የሙዚየምና የሆቴል ትኬት ሁሉ ከፓስፖርቱ ጋር ይመሳከራል። አንዲት ፊደል ሳታዛንፉ፣ ፓስፖርቱ ላይ በተጻፈው ቅደም ተከተል ሦስቱንም ስም በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉ።

3. ስልክና ገንዘብ፦ ከቤት ሳትወጡ የሚያልቅ ሥራ

ቻይና ውስጥ በአገሩ መስመር ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና የጉግል አገልግሎቶች አይከፈቱም። ከቤተሰብ ጋር የምትገናኙት በቴሌግራም ከሆነ፣ ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ እናንተም እነርሱም ዊቻት ጫኑ። ዊቻት አዲስ ደንበኛን ሲመዘግብ ቀድሞ የተመዘገበ ሰው እንዲያረጋግጥለት ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ቻይና የሚመላለስ ወዳጅ ፈልጉ። ከውጭ አገር የተገዛ የሮሚንግ መስመር ብዙውን ጊዜ እነዚህን አገልግሎቶች ስለሚከፍት ለአጭር ጉዞ የተሻለ ነው።

ክፍያ የሚፈጸመው በስልክ ነው። ከትልቅ ምግብ ቤት እስከ ጎዳና ዳር ጭማቂ ሻጭ ድረስ ደንበኛው የሻጩን ባለ አራት ማዕዘን ኮድ በስልኩ አንስቶ ይከፍላል። አሊፔይ የሚባለውን የክፍያ መተግበሪያ ጫኑ፣ ባንካችሁ የሰጣችሁን ዓለም አቀፍ ቪዛ ወይም ማስተር ካርድ አያይዙ፣ ፓስፖርታችሁን አስመዝግቡ። ይህን የግድ አገራችሁ ውስጥ እያላችሁ ጨርሱ። ካርዱን ስታያይዙ ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት ይልካል፤ ቻይና ከገባችሁ በኋላ መስመራችሁ ካልሠራ ያ ቁጥር አይደርሳችሁም። እኔ በመጀመሪያ ጉዞዬ ይህን ሳላውቅ ሄጄ ሁለት ቀን በጥሬ ገንዘብ ብቻ ተቸግሬ ኖሬያለሁ። ለማንኛውም አምስት መቶ ዩዋን ያህል ጥሬ ገንዘብ በኪሳችሁ ይኑር፤ ዝርዝር ቢሆን ይመረጣል።

የሆቴሉን ስምና አድራሻ በቻይንኛ ተጽፎ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የታክሲ ሹፌር በላቲን ፊደል የተጻፈ አድራሻ ማንበብ ላይችል ይችላል።

4. ወደ ከተማዋ መድረስ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ቤይጂንግ፣ ሻንጋይ፣ ጓንግጁና ቼንግዱ ይበራል። ለሺአን የሚቀርበው ቼንግዱ ነው። ከቼንግዱ ምሥራቅ ጣቢያ ፈጣኑ ባቡር አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከቤይጂንግ ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት። የቼንግዱን መስመር የምወደው ስለ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ባቡሩ የቺንሊንግን ተራራ በዋሻ ከዋሻ እየተቀበለ ያቋርጣል። ይህ ተራራ የቻይናን ደቡብ ከሰሜን የሚለይ ድንበር ነው፤ ከወዲያ ያለው ሩዝ አብቃይ፣ ከወዲህ ያለው ስንዴ አብቃይ ነው። የመጨረሻውን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ዌይ ወንዝ ሜዳ ስትወጡ ማሳው ይለወጣል። በማግስቱ ምግብ ቤት ውስጥ ከሩዝ ይልቅ ዳቦና የሊጥ ምግብ ሲቀርብላችሁ ምክንያቱን አስቀድማችሁ አይታችሁታል።

ትኬት 12306 በሚባለው የባቡር ድርጅቱ መተግበሪያ ላይ ከጉዞው 15 ቀን በፊት ይከፈታል። የወረቀት ትኬት የለም፤ ትኬታችሁ ፓስፖርታችሁ ነው። አውቶማቲኩ በር የውጭ ፓስፖርት ካላነበበ ሠራተኛ ወደሚቆምበት በር ሂዱ። ከመነሻው አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ በርሜል የሚያክል ሻንጣ ብትይዙም በፍተሻ ማሽን ያልፋል፣ ቢላዋና ስለት ግን ይወሰዳል። ባቡሩ ውስጥ የፈላ ውኃ በነፃ ስላለ ክዳን ያለው ኩባያና ሻይ ያዙ።

ሰዓቱን በሚመለከት ሁለት ነገር ይደባለቃል። ቻይና ከእኛ በአምስት ሰዓት ትቀድማለች፤ ትኬቱ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠር ነው። ትኬቱ 14:30 ካለ በእኛ አነጋገር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ትላልቅ ሰዎችን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሁለቱንም አነባብ በወረቀት ጻፉላቸው።

ፈጣኑ ባቡር የሚያደርሳችሁ ሺአን ሰሜን ጣቢያ ነው። ከዚያ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር 2 በቀጥታ ወደ መሀል ከተማ ይወስዳል። “ጆንግሎው” የደወል ማማው ጣቢያ ነው፤ “ዮንግኒንግመን” ደግሞ የደቡብ በሩ። ማደሪያችሁን ከእነዚህ ሁለት ጣቢያዎች በአንዱ አጠገብ፣ በግንቡ ውስጥ ያዙ። ርካሽ ሆቴል ከውጭ ቢገኝም፣ ማታ ከግንቡ ሥር በእግር ወደ ማደሪያ መመለስን የሚተካ ነገር የለም። ሆቴሉ የውጭ እንግዳ እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ስትገቡ ፓስፖርታችሁን ለፖሊስ የሚያስመዘግቡት እነርሱ ናቸው። በወዳጅ ቤት የሚያድር ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ መመዝገብ አለበት።

5. የመጀመሪያው ቀን፦ ግንቡና የድንጋዩ መጽሐፍ

ጠዋት በዮንግኒንግ በር ወደ ግንቡ ውጡ። የመግቢያው ዋጋ 54 ዩዋን ነው። ግንቡ የተሠራው ከ1370 ጀምሮ በሚንግ ሥርወ መንግሥት የመጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ነው። ቁመቱ 12 ሜትር ሲሆን ላዩ መኪና የሚያሳልፍ ያህል ሰፊ ነው። ዙሪያው 13.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የሐረርን ጀጎል በእግሩ የዞረ ሰው አራት እጥፍ ያህል እንደሆነ ያስብ።

ላይ እንደወጣችሁ ብስክሌት ተከራዩ፤ መያዣ ታስቀምጣላችሁ። ለሁለት ሰው የሚሆንም አለ። ሙሉ ዙሩ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ጡቡ ያረጀ በመሆኑ ስለሚያንገጫግጭ ወገብ የሚያመው ሰው አንዱን ጎን ብቻ በእግሩ ይሂድ። ጥላ የለም፤ ባርኔጣና ውኃ ያዙ።

ዝም ብላችሁ አትንዱ። በየ120 ሜትሩ ከግንቡ ወደ ውጭ የወጣ ምሽግ ታያላችሁ፤ በጠቅላላው 98 ናቸው። ከሁለት ምሽጎች የሚወረወር ቀስት መሀል ላይ ስለሚገናኝ፣ ግንቡ ሥር የተጠጋ ጠላት ከጎን ከጎኑ ይመታል። በሩ ላይም ስትደርሱ ወደ ታች ተመልከቱ። አንድ በር አልፎ የገባ ሠራዊት ቀጥሎ የሚያገኘው ከተማዋን ሳይሆን በአራት በኩል በግንብ የታጠረ ግቢ ነው፤ ሁለተኛው በር ፊቱ ላይ ተዘግቷል፣ ቀስተኞቹም ከላይ ናቸው። ይህን ከላይ ሆኖ ማየት ከመጽሐፍ ከማንበብ ይበልጣል።

ብስክሌቱን ከመለሳችሁ በኋላ በግንቡ ላይ በእግራችሁ ወደ ምሥራቅ ሂዱና በወንቻንግ በር በኩል ውረዱ። ከሥሩ ቤይሊን የሚባለው ሙዚየም ነው። ስሙ “የሐውልት ደን” ማለት ነው። እባካችሁ ይህን ቦታ አትዝለሉት። የጉብኝት ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ያልፉታል፤ “ድንጋይ ብቻ ነው” ይላሉ።

ሙዚየሙ የተጀመረው በ1087 ነው፤ ምክንያቱም ቀደም ሲል በ837 የተቀረጹትን የጥንታዊውን ቻይናዊ ፈላስፋ የኮንፊሽየስን ትምህርት መጻሕፍት ለመጠበቅ ነበር። እነዚያ መጻሕፍት በ114 የድንጋይ ሰሌዳዎች በሁለቱም ገጽ ተቀርጸው ይታያሉ፤ ከ650,000 በላይ የቻይና ፊደል አላቸው። ለምን በድንጋይ? መጽሐፍ በእጅ እየተገለበጠ ሲዛመት ስሕተት ይገባበታል፤ ተማሪው የያዘው ቅጂ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ መዲናዋ ድረስ መጥቶ ከድንጋዩ ጋር ያመሳክር ነበር። የብራና መጽሐፍ ሲገለበጥ ያየ፣ ቁም ጸሐፊ አንዲት ፊደል ቢያሳስት ከስንት ገጽ በኋላ ፍቆ እንደሚያርም የሚያውቅ ሰው የዚህን ሥራ ክብደት ማንም ሳያስረዳው ይረዳዋል።

ከዚያ የምትፈልጉት አንድ የተለየ ድንጋይ ነው። በ781 የቆመ፣ ከሦስት ሜትር ትንሽ ያነሰ ጥቁር ሐውልት ነው፤ አናቱ ላይ ትንሽ መስቀል ተቀርጾበታል። ፎቶውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡና ለአንዱ ጥበቃ አሳዩት፤ በእጁ ይጠቁማችኋል። ጽሑፉ በ635 አሎፔን የተባለ መነኩሴ ክርስትናን ይዞ ወደ ቻንግአን እንደመጣና የታንጉ ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ እንደተቀበለው ይናገራል። የመጡት የምሥራቅ ሶርያ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ንስጥሮሳውያን የሚባሉት። በትምህርተ ሃይማኖት ከእኛ የተለዩ ቢሆኑም፣ በዚያ ዘመን ወንጌልን በበረሃ አቋርጠው እዚህ ማድረሳቸው ያስደንቃል። ከታችና ከጎን በኩል ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ከቻይንኛው አጠገብ የሱርስት ፊደል ታያላችሁ። የቀሳውስቱ ስም ነው።

አክሱም የሄደ ኢትዮጵያዊ እዚህ ቦታ ላይ የንጉሥ ኢዛናን ድንጋይ ሳያስታውስ አያልፍም። ያኛው በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ የተጻፈ ነው፤ ከዚህኛው በአራት መቶ ዓመት ያህል ይቀድማል። ሁለቱም ድንጋዮች ከተማቸው የሩቅ ሰው ቋንቋ የሚነበብበት ቦታ እንደነበረ ይመሰክራሉ። እዚያ ሐውልት ፊት ግማሽ ሰዓት ቆሜአለሁ፤ ከጉዞው ሁሉ አብልጬ የማስታውሰውም እርሱን ነው።

ሌላም ትንሽ ነገር ልጨምር። በ751 ቻይናና ዓረቦች በማዕከላዊ እስያ በተዋጉበት በታላስ ጦርነት የተማረከ ዱ ኹዋን የተባለ ቻይናዊ ወደ ምዕራብ ተወስዶ ከዓመታት በኋላ በመርከብ ተመልሷል። መጽሐፉ ጠፍቶ ጥቂት ክፍሎቹ ብቻ ቀርተዋል። በእነዚያ ውስጥ “ሞሊን” ስለሚባል የጥቁሮች አገር ይናገራል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህ አገር የቀይ ባሕር ዳርቻችን እንደሆነ ያስባሉ፤ ሌሎች አይስማሙም።

ከመውጣታችሁ በፊት “ጧ፣ ጧ” የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ተከተሉት። ሠራተኞች እርጥብ ወረቀት በድንጋዩ ላይ ለጥፈው ቀለም በነከረ ቡጭቅ ጨርቅ እየመቱ ግልባጭ ያነሳሉ። የተቀረጸው ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ግልባጮች በዚያው ይሸጣሉ፤ ከሺአን ይዤ የምመለሰው ዕቃ ይኸው ነው። ከደጁ ያለው ሹዩዋንመን የሚባለው መንገድ ደግሞ የብሩሽ፣ የቀለምና የወረቀት ሻጮች ሰፈር ነው።

6. ሁለተኛው ቀን፦ የሸክላ ሠራዊት

የመግቢያው ትኬት 120 ዩዋን ነው፤ በፓስፖርት ቁጥር ቀን ተለይቶ አስቀድሞ ይያዛል። ሆቴሉ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች በስልክ እንዲያግዟችሁ ብትጠይቁ ብዙዎቹ በደስታ ያደርጉታል።

ቦታው ከከተማው በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከደወል ማማው በመስመር 2 ወደ ቤይዳጂዬ፣ ከዚያ በመስመር 1 እስከ ፋንግጂቸንግ፣ ከዚያ በመስመር 9 እስከ ኹዋቺንግቺ ሂዱ፤ ከጣቢያው ውጭ ወደ ሙዚየሙ የሚሄድ የከተማ አውቶቡስ ይዛችሁ ጨርሱ። ሙዚየሙ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል፣ በነርሱ 8:30 ስለሚከፈት ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከማደሪያችሁ ውጡ። በጣቢያውና በአውቶቡስ ፌርማታው አካባቢ ባጅ አንጠልጥሎ “ነፃ መኪና” የሚል ሰው ቢመጣ በትሕትና እለፉት። እኔን አንዱ አሳምኖ ወደ ጌጣጌጥ ሱቅ ወስዶ፣ ጠዋቴን አባክኖብኛል። የጠፋችው ሰዓት ደግሞ አዳራሹ ባዶ የሚሆንባት ነበረች።

እንደገባችሁ በቀጥታ ወደ ጉድጓድ 1 ሂዱ። ሌሎች መመሪያዎች ትንሹን አስቀድሞ ትልቁን መጨረሻ ማየት ይሻላል ይላሉ፤ በቡድን የሚመጣው ሕዝብ ከመድረሱ በፊት ከትልቁ አዳራሽ ፊት መቆም ግን በምንም አይለወጥም። አዳራሹ 230 ሜትር ይረዝማል፣ 62 ሜትር ይሰፋል። በመጋቢት 1974 ገበሬዎች የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የሸክላ ስብርባሪ አገኙ፤ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚያ ነው። በሦስቱ ጉድጓዶች ውስጥ ወደ 8,000 የሚጠጉ ወታደሮች እንዳሉ ይገመታል፤ አብዛኞቹ ገና ከአፈር ሥር ናቸው።

ፊት ለፊት ባለው አጥር ላይ የሚጋፋውን ሕዝብ ጥቂት ታግሣችሁ፣ በጎን በኩል ወደ ኋላ ሂዱ። እዚያ ስብርባሪዎቹ በቁጥር ተለይተው፣ ጭንቅላት የሌላቸው አካላት ተደግፈው ቆመው ታያላችሁ። ጠጋኞቹ የሚሠሩበት ቦታ ነው። ወታደሮቹ ከአፈር ሙሉ ሆነው የወጡ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኞቹ ግን ተሰባብረው ተገኝተው፣ አንዱን ለመገጣጠም ወራት የፈጀ ትዕግሥት ተከፍሎባቸዋል። ትንሽ የሩቅ ማያ መነጽር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ፊታቸውን አንድ በአንድ እዩ። ጭንቅላቱ ለብቻው ተሠርቶ የሚገጠም ነበር፤ ጢሙ፣ የጸጉሩ አሠራር፣ የጆሮው ቅርጽ ይለያያል። በአንዳንዶቹ ላይ የሠሪው ስም ታትሟል። ለክብር ሳይሆን፣ ሥራው ቢበላሽ ተጠያቂው እንዲታወቅ ነው።

ቀለማቸው የት ሄደ? ሁሉም ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ነበሩ። ቀለሙ የተቀባበት፣ ላከር ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተሠራው ሽፋን ከሁለት ሺህ ዓመት እርጥበት ወጥቶ ደረቅ አየር ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቀለልና ይረግፋል። አርኪዮሎጂስቶቹ ለመቆፈር የማይቸኩሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጉድጓድ 3 ትንሽ ነው፤ የጦር አዛዦች ቦታ ነበር። ጉድጓድ 2 ላይ ፈረሰኞችንና ተንበርካኪ ቀስተኞችን እዩ። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ያለውን ተንበርካኪ ቀስተኛ ከኋላው ዞራችሁ የጫማውን ሶል ተመልከቱ፤ ስፌቱ ነጥብ በነጥብ ተቀርጿል። ከዚያ ወደ ጉድጓድ 1 ተመልሳችሁ ለአምስት ደቂቃ ብቻ እንደገና ቁሙ።

በዚያው ትኬት መመላለሻ መኪና ይዛችሁ ወደ ሊሻን የአትክልት ቦታ ሂዱ። ዛፍ የለበሰው ጉብታ በ221 ከክርስቶስ ልደት በፊት ቻይናን አንድ ያደረገው፣ በ210 የሞተው የቺን ሺ ኹዋንግ መቃብር ነው። እስከ ዛሬ አልተከፈተም። አጠገቡ ያለው ሙዚየም በ1980 የተገኙትን ሁለት የነሐስ ሠረገላዎች ይዟል፤ መጠናቸው ከእውነተኛው ግማሽ ነው። የጃንጥላውን እጀታ መክፈቻና የፈረሶቹን ልጓም ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል።

በመመለሻችሁ ጉልበት ከተረፋችሁ ኹዋቺንግ ቤተ መንግሥት ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። የዚያን ጊዜው የቻይና መሪ ቻንግ ካይሼክ በታኅሣሥ 1936 በራሱ ጄኔራሎች የተያዘው እዚያ ነው፤ በጥይት የተበሳው መስኮት ይታያል። የደከመ ሰው ይዝለለው።

7. ሦስተኛው ቀን፦ ፓጎዳው፣ መስጊዱና ገበታው

ጠዋቱን ደርብ በደርብ ለተሠራው የቡድሃ ማማ፣ ለታላቁ የዝይ ፓጎዳ ስጡ፤ በመስመር 3 ወይም 4 ዳያንታ ጣቢያ ውረዱ። ሹዋንዛንግ የተባለው የቡድሃ መነኩሴ ወደ ሕንድ ሄዶ በ645 ሲመለስ 657 የሳንስክሪት መጻሕፍት ይዞ መጣ፤ ፓጎዳው በ652 የተሠራው እነርሱን ለማኖር ነው። ዛሬ ሰባት ደርብና 64 ሜትር ከፍታ አለው። ከዚያ አጠገብ ያለው የሻንሺ ታሪክ ሙዚየም እጅግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የነፃው ትኬት ወዲያው ያልቃል፣ ሰኞም ዝግ ነው። ካላገኛችሁ አትዘኑ፤ ወደ ትንሹ የዝይ ፓጎዳ ሂዱ። ፀጥ ያለና ጥላ የበዛበት ነው። በ1556 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ15 ደርቡ ሁለቱን አጥቷል፤ አናቱ አሁንም እንደተሰበረ ነው።

ከሰዓት በኋላ ከከበሮ ማማው በስተ ሰሜን ወዳለው የሙስሊሞች ሰፈር ግቡ። ዋናው መንገድ ግፊያና ጩኸት ነው፤ በፍጥነት አልፋችሁ በጠባቡ መንገድ ወደ ታላቁ መስጊድ ታጠፉ። በትውፊት የተመሠረተው በ742 ሲሆን አሁን የሚታየው በአብዛኛው የሚንግ ዘመን ሥራ ነው። የአዛን ማማው ፓጎዳ ይመስላል፣ ጣሪያው የቻይና ቤተ መቅደስ ነው። አንድ ነገር ግን ይለየዋል፦ የቻይና ቤተ መቅደስ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል፤ ይህ ግቢ በሙሉ የተዘረጋው ወደ ምዕራብ፣ ወደ መካ ነው። የጸሎት አዳራሹ ለሙስሊሞች ብቻ ነው፤ የሰላት ሰዓት ሲሆን ጎብኚ ከግቢው ፈንጠር ይበል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ።

አሁን ስለ ምግቡ። የሺአን ዋና ምግብ ያንግሮው ፓዎሞ ይባላል። ስትቀመጡ ባዶ ጎድጓዳ ሳሕንና ደረቅ ያለ ቂጣ ይሰጣችኋል። ቂጣውን በገዛ እጃችሁ ትቆራርሱታላችሁ፤ ከጥፍር በማይበልጥ መጠን፣ ቸኩላችሁ በትልልቁ ከቆረሳችሁ መረቁ ውስጡ አይገባም። ከዚያ ቁጥር ይለጠፍበትና ወደ ወጥ ቤት ሄዶ በበግ መረቅ ተቀቅሎ ይመለሳል። ፍትፍት የለመደ እጅ ያለው ሰው እዚህ ገበታ ላይ እንግዳ አይሆንም። በጎን የሚመጣውን በጣፋጭ ሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርት እየገመጣችሁ ብሉ። ቢያንግቢያንግ የሚባለውን እንደ ቀበቶ የሰፋ የሊጥ ምግብና ከቴምርና ከሚጣበቅ ሩዝ በእንፋሎት የሚበስለውን ጄንግጋኦም ቅመሱ።

ሙስሊም አንባቢዎች “ቺንግጀን” የሚል ምልክት ያለበትን ቤት ይፈልጉ፤ ሐላል ማለት ነው። እዚህ ሰፈር ሮውጂያሞ የሚባለው ዳቦ ውስጥ የሚሞላ ሥጋ ከበሬ የሚሠራ ሲሆን ከሰፈሩ ውጭ ግን ብዙ ጊዜ የአሳማ ነው፤ የአሳማ ሥጋ “ጁ ሮው” ይባላል። በጾም ወቅት የሄደ ደግሞ “ዎ ቺ ሱ” ይበል፤ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ እንቁላል ሊጨመር ይችላል፣ መረቁም የሥጋ ሊሆን ይችላል። የሚያስተማምነው ሊያንግፒ ነው፤ ከሊጥ የሚሠራ ቀዝቃዛ ምግብ ሲሆን በሆምጣጤና በበርበሬ ዘይት ይለወሳል። በጾም ቀን ሁለት ጊዜ በልቼው አልሰለቸኝም።

በዚህ መንገድ ላይ ቻይናውያን ጎብኚዎች ከእናንተ ጋር ፎቶ ለመነሳት ይጠይቃሉ፤ በተለይ ከገጠር የመጡ አረጋውያን። በአብዛኛው ከደግነትና ከጉጉት የመጣ ነው። ካልፈለጋችሁ ፈገግ ብላችሁ እጃችሁን ማወዛወዝ ይበቃል።

8. ስትመለሱ

ከቤይሊን የገዛችሁትን ግልባጭ እንዳታጥፉት፤ ሻጩ የካርቶን ቱቦ እንዲሰጣችሁ ጠይቁና ከሻንጣው ውጭ በእጃችሁ ያዙት። ከደወል ማማው እስከ ሰሜን ጣቢያ በመስመር 2 አርባ ደቂቃ ያህል ያዙ፤ ፍተሻውንና ፓስፖርት ማሳያውን ጨምራችሁ ከባቡሩ መነሻ ሁለት ሰዓት በፊት ከማደሪያችሁ ውጡ። ወደ ቼንግዱ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ ከምሥራቅ ጣቢያ እስከ አየር ማረፊያው ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ፣ ለሌሊት በረራ እንኳ ከቀትር በፊት የሚነሳውን ባቡር ምረጡ። በተቻለ መጠን በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር ያዙ፤ ስንዴው አልቆ ሩዙ የሚጀምርበትን ቦታ በዚህኛው ዙር ከተቃራኒው አቅጣጫ ታዩታላችሁ።